የስም መጥሪያው መዝገብ ለምን ይያዛል?



በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ የተማሪዎች ካርድ ይታደላል። ወላጅ ካርዱን ተቀብሎ አስቀድሞ የሚያየው ልጁ ስንተኛ እንደ ወጣ ነው፤ ቀጥሎም አማካይ ውጤቱን ይመለከታል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የማናስተውላት አንዲት መስመር በካርዱ ላይ አለች፤ ይኸውም ተማሪው በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደ ቀረ የምትገልጸው ናት። እኔም ዛሬ ጥቂት ለማለት የፈለግሁት ስለዚህች መስመርና አብረዋት ስለሚጻፉት የውጤት ቁጥሮች ነው። በእኔ አስተያየት መቅረት፣ ማርፈድና አለማወቅ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳሉ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ አንድ ጥፋት ተቆጥረው በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። ስለዚህም መዝገቡም ሆነ ካርዱ እውነቱን መናገር ተስኗቸዋል።

እኔ የአምባሰል ተወላጅ ስሆን ሥራዬና ኑሮዬ በደሴ ከተማ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ሲያልፍም ውጫሌ ይደርሳል። መንገዱን በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ሐይቁንና ተራራውን እያደነቀ ይሄዳል። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ለሚገባ ግን አገሩ አቀበትና ቁልቁለት ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ቢገኝም፣ 9ኛ ክፍል የደረሰ የገጠር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ከተማ መውረድ አለበት። ርቀቱ በየቀኑ ደርሶ የሚመለሱበት ስላልሆነም ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ሄደው የሳምንቱን ስንቅ፣ ማለት እንጀራውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን፣ ይዘው እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ማለዳ ይመለሳሉ። ይህን ኑሮ ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ስንቶቻችን ኖረንበት እንዳለፍን እያንዳንዱ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ የወንድሜን ልጅ ጉዳይ ለምሳሌ ላቅርብ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለምና። ልጅቱ በዚያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከሁለት ጓደኞችዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። የትምህርት ቤቱ ደንብ በሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲዘጋ ያዛል። ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ አይገባም፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ጊዜ የተደገመበትም ወላጅ ካላመጣ ወደ ክፍል አይመለስም።

ልጅቱ በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ስንቋን አዝላ ስትመለስ ሦስት ሰኞ አረፈደች። በሦስተኛው ሰኞ በሩ ተዘጋባት፤ ወላጅ አምጪም ተባለች። ማክሰኞ ዕለት አቀበቱን ወጥታ ወደ ቤትዋ ሄደች። አባትዋ በዚያን ጊዜ እህሉን በአውድማ ላይ አስጥቶ ነበር። አውድማ ላይ ያለ እህል ተጥሎ የማይኬድ መሆኑን የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ወንድሜ ሥራውን ጨርሶ ከልጁ ጋር የመጣው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ማርፈዷ የአንድ ማለዳ፣ ያውም የግማሽ ሰዓት ነበር። ቅጣቱ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት የትምህርት ቀን አስቀራት። እንድትማር ተብሎ የወጣው ደንብ ከትምህርት አራቃት ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በእነዚያው ቀናት ውስጥ ከ20 የሚያዝ የሒሳብ ፈተና ተሰጥቶ ነበር። ያለ ፈቃድ የቀረ ተማሪ ድጋሚ ፈተና አይሰጠውም ስለ ተባለ ዜሮ ተጻፈባት። እኔ ይህን የሰማሁት በሳምንቱ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ነው። ጥያቄዎቹን ከአንዲት ጓደኛዋ ደብተር ቀድቼ አጠገቤ አስቀምጬ አሠራኋት፤ ከ20ው 14 አገኘች። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ውጤቷ በሮስተሩ ላይ 47 ሆኖ ወጣ። እነዚያ 14 ቢጨመሩበት 61 ይሆን ነበር። ካርዱን የሚያይ ማንኛውም ሰው ይህች ልጅ ሒሳብ አይገባትም ይላል። እውነቱ ግን ልጅቱ ሒሳብ ይገባታል፤ የጎደላት መኪናና አገር አቋራጭ መንገድ ነው።

ከሦስቱ ልጆች አንደኛዋም እንዲሁ ወላጅ አምጪ ተብላ ነበር። እናቷ ባል የሞተባት ሴት ስትሆን ታናናሾቿን ጥላ መምጣት አልቻለችም። ልጅቱ ወደ ቤት እንደ ሄደች በዚያው ቀረች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ወደ ዓረብ አገር መሄዷን ሰማሁ። በመዝገቡ ላይ በስሟ ትይዩ «አቋረጠች» የሚል ቃል ተጽፏል። ለምን እንዳቋረጠች የሚጻፍበት ቦታ ግን መዝገቡ የለውም።

የውጫሌ አካባቢ ሰው ስለ አንድ ቃል ክብደት ሊነገረው አይገባም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛው የፈቃድ፣ በጣሊያንኛው የግዴታ ቃል ስለ ያዘ ምን እንዳስከተለ ታሪክ ይነግረናል። የትምህርት ቤት መዝገብ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም በር ላይ ቆማ የነበረችውን ልጅ «ቀሪ» ብሎ መጻፍ በአንድ ቃል እውነቱን መለወጥ ነው። ልጅቱ አልቀረችም፤ መጥታ ተመለሰች እንጂ።

ስለ ሰዓቱም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። በእኛ አገር በሰኔ ወር ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። በጥር ወር ግን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስኪሆን ድረስ አትታይም። ልዩነቱ ከ40 ደቂቃ በላይ ነው። በሩ ግን በሰኔም በጥርም የሚዘጋው በዚያው ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ያለባት ልጅ በሰኔ በብርሃን ትጓዛለች፤ በጥር ግን ወይ በጨለማ ገደሉን መውረድ፣ ወይም ማርፈድ አለባት። ጨለማውን ደግሞ የሚፈራው ጅቡን ብቻ አይደለም፤ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ የምለው ይገባዋል። ለከተማ ልጅ ግማሽ ሰዓት አስፋልት የሆነው ደንብ ለገጠር ልጅ ሌላ ነገር ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሰዓት ፊርማ ከማንም የበለጠ እናውቃለን። በመሥሪያ ቤታችን ያረፈደ ሠራተኛ ከቀይ መስመሩ በታች ይፈርማል፤ ምክንያቱን ለአለቃው ያስረዳል፤ ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሥራውን ይሠራል። ቢታመም የሐኪም ወረቀት ያቀርባል፤ ሐዘን ቢያገኘው ፈቃድ ይጠይቃል። አረፈድህ ተብሎ ከበር የሚመለስ፣ አባትህን ካላመጣህ ደብዳቤ አትጻፍ የሚባል ሠራተኛ አላየሁም። ታዲያ ለአርባ ዓመት ጎልማሳ የተፈቀደው ለ15 ዓመት ልጅ ስለ ምን ይከለከላል?

በዚህ ላይ መምህራን የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ መልሳቸውም ዋጋ ያለው ነው። በአንድ ክፍል ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ይዞ የሚያስተምር መምህር በየአምስት ደቂቃው በር ቢንኳኳበት ትምህርቱ ይቋረጣል። ሳይታመም የታመመ፣ ስንቅ ሳያመጣ ስንቅ ላመጣ ነበር የሚል፣ ጠዋቱን በስልክና በቪዲዮ ቤት የሚያሳልፍ ተማሪም አይጠፋም። በሩ ባይዘጋ ግማሹ ክፍል በ3 ሰዓት ይመጣል ይላሉ። እኔም ሥርዓት ይጥፋ አላልሁም። ነገር ግን ቪዲዮ ቤት ያደረውንና ስንቅ አዝሎ ገደል የወጣውን በአንድ ቃል የሚጽፍ መዝገብ ሥርዓትን ጠበቀ አይባልም፤ አጥፊውንም አጥፊ ያልሆነውንም አላወቀምና።

እስከ አሁን የተናገርሁት ያለ አግባብ ስለሚጎድል ውጤት ነው። ያለ አግባብ ስለሚጨመረውም ልናገር። በደሴ የጎረቤቴ ልጅ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ የቤት ሥራው የተሟላ ነው፤ በክፍልም ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ለእነዚህ ሁሉ ነጥብ እየተሰጠው አማካዩ 85 ሲሆን ቤተ ሰቡ ደስ ይለው ነበር። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በተፈተነ ጊዜ ግን ግማሹን እንኳ ማግኘት አልቻለም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ማንም ሳያዳላ «ይህን ታውቃለህን?» ብሎ ስላልጠየቀው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችሮታ የተገኘ ነጥብ በፈተና ጊዜ ተፈታ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያስገባ አሳቡ መልካም ነበር። ተማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትኖ ከሚወድቅ ይልቅ በየጊዜው እየተጠየቀ፣ የደከመበትም እየታወቀ እንዲታገዝ ነው። ከደረጃ ወደ ደረጃ ለማለፍም 50 ከመቶ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። በሥራ ላይ ሲውል ግን በብዙ ስፍራ ምዘናው መርጃ መሆኑ ቀርቶ ነጥብ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ ለመገኘት ነጥብ፣ ለደብተር ነጥብ፣ ለተሳትፎ ነጥብ ይሰጥ ጀመር። ፍሬውንም አየነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርስቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ።

ለዚህ ሌላም ምክንያት መኖሩን አልክድም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ደሴም ሐይቅም ውጫሌም የመከራ ቀን አይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት አያሌ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ነገር ግን እነዚያ የተፈተኑት ልጆች ሁሉ ከክፍል ወደ ክፍል «አልፈሃል» የሚል ካርድ ይዘው የመጡ ናቸው። ካርዱ ቀደም ብሎ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሐዘኑ በ12ኛ ክፍል ባልሆነ ነበር።

በዚህ ረገድ ሩቅ ሳንሄድ በአገራችን ከነበረው ልማድ የምንማረው አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አባ ኢየሱስ ሞአ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ ንባብ ያላወቀ ዳዊት አይደግምም። መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ ከአፉ ሰምተው ያሳልፉታል እንጂ ስለ ተገኘ ብቻ አያሳልፉትም። በወሎ የቁርኣን ቤቶችም ልጁ ትምህርቱን በሉሁ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ለሼሁ አንብቦ ካላስረከበ በቀር ሉሁን አጥቦ ሌላ አይጽፍበትም። በሁለቱም ዘንድ ያወቀ ያልፋል፤ ያላወቀ ይደግማል። የቀረ ተማሪ እንደ ሆነም ጓደኞቹ ይላኩበታል፤ ታሞ ከሆነ ይጠየቃል። አለንጋው ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ አለንጋው በመቅረቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከአለንጋው ጋር አብሮ የቀረው መጠየቅና መፈለግ ቢመለስ እወዳለሁ።

በውጭ አገርም ቢሆን በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስም የሚጠራው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው። በመዝገባቸው ላይ ያረፈደ ለብቻ፣ የታመመ ለብቻ፣ በፈቃድ የሄደ ለብቻ፣ ምክንያቱ ያልታወቀም ለብቻ በየፊደሉ ምልክት ይደረግበታል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ተጨማሪ ዓምድ በመስመር ማስመርና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

እንግዲህ ለትምህርት ቤቶችና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ያረፈደ ተማሪ ወደ ግቢ ይግባ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለማወክ የሚያሰጋ ከሆነ በቤተ መጻሕፍት ወይም በአንድ ክፍል ተቀምጦ ይቆይና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ይቀላቀል። በመዝገቡም «አርፋጅ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ቀሪ» አይባል።

ሁለተኛ፤ በመዝገቡ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር። በየወሩ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ይህን ዓምድ ቢመለከት ብዙ ነገር ይማርበታል። ሰኞ ሰኞ የሚያረፍዱት ስንቅ የሚያመላልሱት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቀሩት የአጨዳና የአውድማ ልጆች፣ በገበያ ቀን የሚጠፉት ለእናታቸው ዕቃ የሚሸከሙት መሆናቸውን ያገኘዋል። ምክንያቱ ከታወቀ ሰኞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ፈተና እንዳይሰጥበት ማድረግ እንኳ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሦስተኛ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ይፈለግ። ወላጅ ከሩቅ ከሚጎተት ይልቅ በቀበሌው ያለው መምህር ወይም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባል በስልክም ቢሆን ይጠይቅ። ዛሬ በገጠርም ስልክ ያልደረሰበት ጎጥ ጥቂት ነው።

አራተኛ፤ ነጥብ የዕውቀት ብቻ ይሁን። መገኘትና ጠባይ በካርዱ ላይ የየራሳቸው መስመር አላቸውና በዚያው ይጻፉ። በደንበኛ ምክንያት የቀረ ልጅ ፈተናው በሌላ ቀን ይሰጠው፤ ያላወቀም ቢሆን ስለ ንጹሕ ደብተሩ ያውቃል አይባል።

ለእኛ ለወላጆችም የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምናውቀው በምዝገባና በካርድ ቀን ነው። ከደሞዛችን ቀንሰን ደብተርና ዩኒፎርም ገዝተናል ብለን ኃላፊነታችንን የጨረስን ይመስለናል። ልጁ 85 ይዞ ሲመጣ ደስ ከመሰኘታችን በፊት መጽሐፉን ከፍተን አንድ ጥያቄ ብንጠይቀው ካርዱ ያልነገረንን እናውቃለን። በገጠር የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ያለን ደግሞ፣ የሚኖሩባት የኪራይ ክፍል የት እንደ ሆነች፣ በሳምንቱ አጋማሽ ስንቃቸው ያልቅ እንደ ሆነ፣ ሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ እንጠይቅ። እኔ የወንድሜን ልጅ ሰኞ ጠዋት እንዳትጓዝ እሑድ ማታ የምትመለስበትን የመኪና ሒሳብ መክፈል ከጀመርሁ ወዲህ አንድም ሰኞ በሩ አልተዘጋባትም። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ እኛ በከተማ ሁለት ጊዜ ቡና የምንጠጣበት ነው። ዛሬ ልጅቱ 11ኛ ክፍል ናት።

ለጓደኛዋ ግን እንዲህ ያለ አጎት አልነበራትም። አጎት የሌላቸው ልጆች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ እነርሱን የሚፈልጋቸው ያ መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ የሚያዘው ለቁጥጥር ሪፖርት ከሆነ ዛሬም በሚገባ ተይዟል። የጠፋውን ልጅ ለመፈለግ ከሆነ ግን ገና አልተጀመረም። ኃላፊነቱ የሚመለከታቸው ሁሉ መጪው መስከረም ከመድረሱ በፊት እንዲያስቡበት በትሕትና እየለመንሁ፣ ከመምህራን ወገንም ተቃራኒ አሳብ ያለው ቢኖር በዚሁ ዓምድ ቢጽፍ በደስታ አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደሴ